የመስክ ካርታ ትምህርት ሽርሽር አይደለም

«ማየት ማመን ነው» ይባላል። አባባሉ ለገበያና ለችሎት ሊያገለግል ይችላል፤ ለሥነ ምድር ጥናት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ዐይን የሚያየው አእምሮ ለመጠየቅ የተዘጋጀውን ያህል ብቻ ነውና። ለዚህ አነጋገራችን ከሳይንስ ታሪክ አንድ የታወቀ ምስክር እንጥራ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1831 የ22 ዓመቱ ወጣት ቻርልስ ዳርዊን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ከነበሩት ከአዳም ሴጅዊክ ጋር ወደ ሰሜን ዌልስ ተራሮች ተጓዘ። ዓላማው የመስክ ሥራን ከአዋቂ እጅ መማር ነበር። ሁለቱ ሰዎች ኩም ኢድዋል በሚባል በገደል በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት አለቶችን መረመሩ፤ ይፈልጉ የነበረው ቅሪተ አካል ነው። በዙሪያቸው ግን በረዶ የሞረዳቸውና የቧጨራቸው የአለት ገጾች፣ ከተፈጠሩበት ቦታ ርቀው የተቀመጡ ግዙፍ ቋጥኞች፣ እንዲሁም የበረዶ ግግር እየገፋ አምጥቶ በዳርና በግንባሩ የከመራቸው፣ «ሞሬን» የሚባሉት የአፈርና የድንጋይ ጉብታዎች ነበሩ። መምህሩም ሆኑ ተማሪው አንዱንም ልብ አላሉም። ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲ እ.ኤ.አ. በ1837 የበረዶ ዘመንን ሐሳብ ካቀረበና በ1840 ብሪታንያን ከጎበኘ በኋላ፣ ዳርዊን በ1842 ወደዚያው ሸለቆ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ማስረጃው ሁሉ ገሀድ ሆነለት። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሸለቆው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

ይህን ታሪክ የምንጽፈው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በዚያው ዓይነት ስሕተት ስለ ወደቅን፣ ስሕተታችንም በተማሪዎች ትምህርት ላይ ጉዳት ስላስከተለ፣ በይፋ ማረም ግዴታችን ሆኖ ስላገኘነው ነው።

እጃችንን ያወጣንበት ስብሰባ

እኛ የምናስተምረው ፊዚክስ ነው። የሦስተኛ ዲግሪያችንን በውጭ አገር ስንከታተል ያሳለፍናቸው ዓመታት በቤተ ሙከራና በኮምፒዩተር ፊት ያለፉ ነበሩ። በመሆኑም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ጉባኤ ላይ የሥነ ምድር ተማሪዎች የመስክ ካርታ ትምህርት ከሦስት ሳምንት ወደ አንድ ሳምንት እንዲያጥር፣ የቀረውም በሳተላይት ምስል እንዲሸፈን ሐሳብ ሲቀርብ ያለ ብዙ ማመንታት ደገፍን። የተሰጠው ምክንያት በቂ ይመስል ነበር። ነዳጅ ተወዷል፤ የመኪና እጥረት አለ፤ አበሉ በጀቱን ይጨርሰዋል፤ በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ የጸጥታው ሁኔታ አያስተማምንም። ከዚህም በላይ፣ በልባችን የመስክ ጉዞውን ከሽርሽር ብዙም አንለየውም ነበር። «ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል ቀን ለምን ያስፈልጋል?» ብለን የጠየቅነውም እኛው ነን።

ውሳኔው ጸደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሥነ ምድር ባልደረቦቻችን በአጭሩ ጊዜ የሚሠሩትን ለማገዝ ስለ መግነጢስ ልኬት የሚያስረዳ ሰው ፈለጉና ወደ ባሌ ተራሮች አብረናቸው እንድንጓዝ ጋበዙን። ግብዣው በቀል አልነበረም፤ ቢሆንም ከበቀል የከፋ ትምህርት ሰጥቶናል።

መስመር ሦስት ዓይነት ነው

አስቀድሞ የመስክ ካርታ ሥራ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ተማሪው የአካባቢውን የመሬት አቀማመጥ ካርታ፣ መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ የእጅ አጉሊ መነጽርና የማስታወሻ ደብተር ይዞ ይወጣል። አለት ከአፈር በላይ በሚታይበት በእያንዳንዱ ቦታ ቆሞ የአለቱን ዓይነት ይለያል፤ ንብርብር ወይም ስንጥቅ ካለው ደግሞ አቀማመጡን ይለካል። የሚለኩት ሁለት ነገሮች ናቸው። የቆርቆሮ ጣራን እናስብ፤ በጣራው ገጽ ላይ በአግድም የሚሰመረው መስመር የሚያመለክትበት ማዕዘን አንደኛው ልኬት ነው፤ የዝናቡ ውኃ የሚወርድበት ቁልቁለት መጠን ሁለተኛው ነው። ተማሪዎች የውኃው መውረጃ ሲያጠራጥራቸው ከኮዳቸው ጥቂት ውኃ አለቱ ላይ አፍስሰው ወዴት እንደሚፈስ ይመለከታሉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በብዙ ቦታ ሲሰበሰቡ ከመሬት በታች ያለውን እጥፋትና ስብራት ያለ ቁፋሮ ለመገመት ያስችላሉ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ አለትና በሌላው መካከል ያለው ድንበር በካርታው ላይ ይሰመራል። እጅግ ያስደነቀን ይህ ክፍል ነው። የሥነ ምድር ካርታ መስመር አንድ ዓይነት አይደለም። ተማሪው ድንበሩን በዐይኑ ካየ ያልተቋረጠ መስመር ይስላል። አካባቢውን አይቶ በግምት ካስቀመጠው የተቆራረጠ መስመር ይስላል። ድንበሩ በአፈር ወይም በሌላ ነገር ከተሸፈነ ደግሞ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያልፈዋል። ይህ ማለት የካርታው አንባቢ የትኛው የታየ፣ የትኛው የታሰበ እንደሆነ ሠሪውን ሳይጠይቅ ያውቃል ማለት ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪዎቻችን ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የስሕተት ወሰኑን እንዲጽፉ ዓመቱን ሙሉ እንለምናለን፤ አብዛኞቹ ግን ከመጽሐፍ የሚጠበቀውን ቁጥር አይተው ወሰኑን በኋላ ይሠሩለታል። በመስክ የሚገለበጥ መልስ የለም። ተማሪው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለመለየት ይገደዳል፤ ልዩነቱንም በእርሳሱ ይፈርምበታል።

የውጭ አገር ኮምፓስ በሳኔቲ

የሳኔቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ጅባራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ያደናል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ከሩቅ ይታያል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አለቱ ባዛልትና ትራካይት የሚባሉ እሳተ ገሞራ ወለድ ዓይነቶች ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ከተማርንበት አገር ይዘነው የመጣነውን፣ ለብዙ ዓመታት በመሳቢያ የተቀመጠ ኮምፓስ አወጣን። መርፌው አልዞር አለ። ብናንኳኳውም፣ ብናዘነብለውም የደቡብ ጫፉ ወደ ታች ወርዶ ከሥሩ ጋር ይፋተጋል። ተማሪዎች እያዩን ነበር።

ምክንያቱን እንደ ፊዚክስ መምህር ወዲያው ማወቅ ነበረብን። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል ከአግድም ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል፤ የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ታች ይስበዋል። ስለዚህ ፋብሪካው መርፌው ሚዛኑን እንዲጠብቅ በደቡብ ጫፉ ላይ ጥቂት ክብደት ይጨምርበታል። የመግነጢስ የምድር ወገብ ግን በአገራችን ላይ ያልፋል፤ እዚህ መስኩ ከአግድም እምብዛም አይርቅም። ወደ ታች የሚስብ ኃይል በሌለበት ያ የተጨመረ ክብደት ራሱ መርፌውን ያዛንፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በብዙ የሥነ ምድር ኮምፓሶች መርፌ ላይ የተጠመጠመችውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወደ ተገቢው ቦታ ማንሸራተት ነው። የትምህርት ክፍሉ ቴክኒሽያን ሽቦዋን በወረንጦ ሁለት ጊዜ ገፋ ሲያደርጋት መርፌው ነጻ ወጣ። ስለ ምድር መግነጢስ ለዓመታት አስተምረናል፤ የራሳችንን ኮምፓስ ለአገራችን ማስተካከል ግን አላሰብንም ነበር።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ባዛልት በውስጡ መግነጢሳዊ ማዕድን ስላለው፣ በተለይም መብረቅ በመታቸው ከፍታዎች ላይ፣ ኮምፓሱን በአለቱ ላይ አስደግፎ መለካት ንባቡን ያሳስታል። ባልደረቦቻችን ለተማሪዎቹ ያሳዩት ዘዴ የሚከተለው ነው። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይለካል፤ ከዚያም ሁለተኛው ቦታ ላይ ቆሞ ወደ መጀመሪያው መልሶ ይለካል። ሁለቱ ንባቦች በ180 ዲግሪ ካልተለያዩ ከአንዱ ቦታ ላይ አለቱ መርፌውን እየሳበው ነው። ይህን ሙከራ በየትኛውም የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አላየነውም፤ የመለኪያ መሣሪያን መጠራጠር ምን እንደሆነ ግን ከብዙ ንግግራችን በተሻለ ሁኔታ ያስተምራል።

«ከሥሩ አልተነቀለም»

በሁለተኛው ቀን የባሰው መጣ። ከጉዞው በፊት የሳተላይት ምስል አትመን በአምባው ዳር የሚታይ፣ እንደ ቀስት የታጠፈ ጉብታ በቀይ ቀለም አድምቀን ከብበነው ነበር፤ «የግንባር ሞሬን» የሚል ጽሑፍም አክለንበታል። ቅርጹ በመጽሐፍ ከሚታየው ሥዕል ጋር ፍጹም ይመሳሰላል። በስብሰባው ላይ «ምስሉ ይበቃል» ስንል ያሰብነውም ይህንኑ ነበር።

ቦታው ስንደርስ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከጉብታው ጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ሄደች፤ በየሃያ እርምጃው ቆማ ድንጋዩን በመዶሻ እየሰበረች በአጉሊ መነጽር አየችው። ተመልሳ መጥታ በትሕትና «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ድንጋይ ከሥሩ አልተነቀለም» አለችን። እውነቷን ነበር። ጉብታው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አለት ነው፤ ስንጥቆቹ ሳይዛነፉ ከታች ወደ ላይ ይቀጥላሉ፤ በውስጡ ያሉት የጋዝ አረፋዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተዋል። በረዶ ያመጣው ቁልል ሳይሆን ቀልጦ ሲፈስ ቆሞ የቀረ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ግንባር ነው። በእሷ ካርታ ላይ ያ ጉብታ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በተቆራረጠ መስመር ተሥሎ ነበር። በእኛው ምስል ላይ ያለው ቀይ ቀለም ግን ምንም ጥርጣሬ አያውቅም።

በማግሥቱ ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ በታች ባለው በቶጎና ሸለቆ እውነተኛውን ሞሬን አየን። ጋርባ ጉራቻ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ሲሆን፣ በረዶ በጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ በቦረቦረው ገደል ውስጥ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚህ ሸክላው፣ አሸዋውና ቤት የሚያክለው ቋጥኝ ያለ ምንም ቅደም ተከተል ተደባልቀዋል። ወንዝ ድንጋይን በመጠኑ ይለያል፤ በረዶ ግን ትልቁንም ትንሹንም እኩል ተሸክሞ፣ ሲቀልጥ ባለበት ይጥለዋል። ድንጋዮቹ የተለያየ ዓይነት ናቸው፤ ከፊሎቹ እንደ ተሞረደ ጠፍጣፋ ገጽ አላቸው። ከላይ ለሚመለከት ካሜራ ግን የትናንቱና የዛሬው ጉብታ ወንድማማቾች ናቸው።

ካርታ ፊዚክስን፣ ፊዚክስም ካርታን ሲመረምሩ

ከዚህ በኋላ እኛም የምናበረክተው ነገር እንዳለ ተረዳን። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ግሌን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባካሄደው ሙከራ በረዶ በጫና ሥር እንዴት እንደሚለወጥ አሳየ። የመለወጡ ፍጥነት በግምት የጫናውን ሦስተኛ ርቢ ይከተላል፤ ጫናው እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም የሸለቆ በረዶ ከመጠን በላይ ሊወፍር አይችልም፤ ሲወፍር ቶሎ ይፈስሳል፤ ሲፈስስ ይሳሳል። ከሥሩ በጎን የሚያሳርፈው ጫና አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከአንድ ከባቢ አየር ግፊት፣ እምብዛም አይርቅም።

ስሌቱ አጭር ነው። ጫናው የበረዶው እፍጋት፣ የስበት ፍጥነት ለውጥ፣ የበረዶው ውፍረትና የገጹ ቁልቁለት ሳይን ብዜት ነው። የበረዶው ገጽ በ1,000 ሜትር ርቀት 100 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ እፍጋቱን በሜትር ኩብ 900 ኪሎ ግራም ብለን ብንወስድ፣ ውፍረቱ 110 ሜትር ገደማ ይሆናል። የገጹን ቁልቁለት ከየት እናገኛለን? በሸለቆው ግራና ቀኝ ተማሪዎቹ በካርታ ካሰፈሯቸው የጎን ሞሬኖች አናት ነው። አንድ ተማሪ በዚያው ቁልቁለት ላይ የ400 ሜትር ውፍረት የሚያስገኝ ካርታ ቢያቀርብ ጫናው ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ፣ የመፍሰሱ ፍጥነት ከ40 እጥፍ በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ሞሬን ያለው ጉብታ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና ተመልሶ እንዲያይ ይነገረዋል። በዚያች ምሽት በድንኳን ውስጥ በባትሪ ብርሃን የተደረገው ክርክር በማስተማር ዘመናችን ካየናቸው የፊዚክስ ክፍለ ጊዜያት ሁሉ የላቀ ነበር።

የዘመን ልኬትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች የተገለጠ ድንጋይን ሲመቱ በውስጡ ክሎሪን 36 የተባለ ኢሶቶፕ ያጠራቅማሉ፤ መጠኑ ድንጋዩ በሞሬኑ ላይ ከተቀመጠ ስንት ዘመን እንደሆነው ይናገራል። በዚህ ዘዴ የተመረኮዘና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የበረዶ ግግሮች ታላቅ ስፋታቸውን የያዙት ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት እንደነበረ፣ የሙቀቱም መጠን ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሲየስ ዝቅ ብሎ እንደነበረ አመልክቷል። ይህ የዓለም በረዶ ከፍተኛ መጠኑን ከያዘበት ጊዜ የሚቀድም ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የዝናቡና የመልክዓ ምድሩ ድርሻ ከሙቀቱ ተለይቶ መጠናት እንዳለበትም ያስገነዝባል። ይሁን እንጂ ውድ የሆነው የቤተ ሙከራ መሣሪያ የሚለካው የተሰጠውን ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩ በሞሬኑ አናት ላይ ጸንቶ የቆየ ነው ወይስ በኋላ ተንከባሎ የመጣ? ይህን የሚወስነው በመስክ የቆመው ሰው ነው። እሱ ከተሳሳተ ቁጥሩ እስከ አራተኛ አሃዝ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ሐሰት ይሆናል።

በዚያው ዘመን ሰዎችም በአካባቢው ነበሩ። በፊንጫ ሐበራ የአለት ከለላ የተካሄደ ቁፋሮ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት አዳኞች ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እየተመላለሱ ይኖሩ እንደነበር፣ የባሌን ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበርና ባልጩት ከበረዶው አቅራቢያ ያመጡ እንደነበር አሳይቷል። ያልተፈታ እንቆቅልሽም አለ። በሳኔቲ ላይ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ የድንጋይ ረድፎች በእኩል ርቀት ተደርድረው ይታያሉ። መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ የደረደራቸው ናቸው ይባላል፤ ነገር ግን የሚጠይቁት ቅዝቃዜ ግግሮቹ ከሚያመለክቱት እጅግ የበለጠ ነው። ይህን ጥያቄ የሚፈታ ኢትዮጵያዊ ተማሪ እንዲኖር ከፈለግን አስቀድሞ በረድፎቹ ላይ የሚራመድበት ቀን ሊሰጠው ይገባል።

ጉዳዩ የበረዶ ብቻ አይደለም

የበረዶ ታሪካችን በባሌና በሰሜን ተራሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በትግራይ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በረዶ የተወው፣ ዛሬ ጠንክሮ አለት የሆነ ደለል ይገኛል፤ በእንትጮ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ከዚያም የቀደመ የበረዶ ዘመን ምልክት አለ። እነዚህ አለቶች የበረዶ ሥራ መሆናቸው በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ግኝቱም ምድሩን በእግራቸው እየዞሩ ካርታ የሠሩ ባለሙያዎች ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ወደዚያ የሚደረግ የተማሪዎች ጉዞ የሚታሰብ አልነበረም። የአንድ ትውልድ ተማሪዎች ያላዩትን ለቀጣዩ ማሳየት እንደማይችሉ ልብ ይሏል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ በሁለተኛው ናዳ የተቀበሩ ነበሩ። የናዳ ቁልልም እንደ ሞሬን የተደባለቀ፣ ከሩቅ ሲያዩት የጉብታ ቅርጽ ያለው ነው። ከላይ የተቦደሰው ጠባሳው፣ የድንጋዩ ስለታምነትና አንድ ወጥነት፣ በዳገቱ አናት ላይ የተከፈተው ስንጥቅ ግን ይለዩታል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ዐይን በቶጎና ሸለቆ ከሚሠለጥነው ዐይን ጋር አንድ ነው። አንድ ባለሙያ ካርታ ስለ ሠራ ብቻ አደጋ ይቀራል አንልም። ነገር ግን የቀድሞ ናዳን ጠባሳ ከተራ ጉብታ መለየት የማይችል ምሩቅ «ከዚህ ዳገት ሥር ቤት አትሥሩ፤ ዝናብ ሲበዛም ልቀቁ» ብሎ ለማስጠንቀቅ ምን ድፍረት ይኖረዋል?

ለተቃውሞው ያለን መልስ

ትናንት እኛ ራሳችን ያቀረብናቸውን መከራከሪያዎች ዛሬ ልንንቃቸው አይገባም። ገንዘቡ በእርግጥ የለም። የሳተላይት ምስልና ሰው አልባ በራሪም ትልቅ ረዳቶች ናቸው፤ የት መሄድ እንዳለብን አስቀድመው ያሳዩናል፤ ጸጥታ በሌለበት ቦታ ደግሞ ብቸኛ ዐይኖቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። ቁም ነገሩ ምስሉን በትክክል የሚያነበው ቢያንስ አንድ ጊዜ በምስሉ ውስጥ ባለው መሬት ላይ ተሳስቶ የታረመ ሰው መሆኑ ነው። ምስል አይቶ ምስል ብቻ የሚያስተምር መምህር እንደ እኛ በቀይ ቀለም ይከብባል።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የመስክ ካርታ ትምህርት በበጀት መደብ ከጉዞና ከሽርሽር ተለይቶ እንደ ቤተ ሙከራ ይቆጠር። ለኬሚስትሪ ተማሪ የአሲድ መግዣ ሲጠፋ «ፎቶግራፉን አሳዩት» አንልም። ሁለተኛ፣ ወጪውን ለመቀነስ የመጀመሪያው ሳምንት በአቅራቢያችን ባሉ የድንጋይ ካባዎችና አዲስ በተቆረጡ የመንገድ ዳሮች ይሰጥ፤ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ንብርብርና ስብራትን በሚገባ ያሳያሉ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ግን ሰፊ መሬት ላይ ይሁኑ፤ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ድንጋዩ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ የራሱን መስመር መጠራጠር የሚጀምረው ቆይቶ ነውና። ሦስተኛ፣ የፊዚክስ ተማሪዎችም ይሳተፉ፤ በተጨማሪም የተማሪዎች ካርታና የመስክ ደብተር ውጤት ከተሰጠ በኋላ እንዳይጣል፣ በቤተ መጻሕፍት ተሰብስቦ ይቀመጥ። የአሥር ዓመት ደብተሮች ቢጠራቀሙ የራሳችን የሆነ ሀብት ይሆናሉ።

የትምህርት ጉባኤው ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው በጽሑፍ ጠይቀናል፤ በቀጠሮው ቀን እጃችንን በሌላኛው ወገን እናወጣለን። ኮምፓሱም ዛሬ በመሳቢያ ሳይሆን በጠረጴዛችን ላይ ነው። ወደ ቢሯችን የሚመጣ ተማሪ መርፌው ላይ የተጠመጠመችው ሽቦ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቀን የሳኔቲን ታሪክ እንነግረዋለን፤ የተሳሳትንበትን ክፍል ጭምር።